የዘንድሮ ቀንበጥ፦ ለመርካቶ ግቢ የሚስማማው ጥቁር እንጆሪ የትኛው ነው?



የዛሬው ርእሳችን ጥቁር እንጆሪ ነው። በየጭማቂ ቤቱ እንጆሪ እየተባለ የሚቀርበውን ስትሮበሪ ማለቴ አይደለም። እሾሃም ቀንበጡ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ በእንጦጦ ገደላ ገደልና በየደጋው ጫካ ዳር የሚበቅለውን፣ ኦሮምኛ ተናጋሪው ወገናችን ጎራ የሚለውን፣ በውጭ አገር ደግሞ ብላክቤሪ ተብሎ በየጓሮው የሚተከለውን የዚያን ቤተሰብ ተክል ነው የማነሣው። ይህን ርእስ መርካቶ መሐል ማንሣት ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ሱቅ ከሱቅ ተደጋግፎ በቆመበት፣ አንዱን የቀበሌ ግቢ ብዙ አባወራ በሚጋራበት ሰፈር ስለ ተክል ዝርያ ምን ያስወራል? እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ሰፊ መሬት ያለው ሰው አምስት ዓይነት ተክሎ ያልሆነለትን ይነቅላል፤ ቢሳሳትም ብዙ አይጎዳም። በግቢው ጥግ ወይም ፎቁ ላይ ባለች ቴራስ አንዲት በርሜል ብቻ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ግን ዝርያውን ከሳተ፣ በፈረቃ የመጣለትን ውሃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያጠጣ ከርሞ የሚያተርፈው ቅጠል ነው። ስለዚህ የዝርያ ምርጫ ከሱሉልታ ገበሬ ይልቅ የመርካቶን ሰው ይመለከታል።

ሰው ችግኝ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍሬው ትልቅ ነው ወይ፣ ይጣፍጣል ወይ፣ እሾህስ አለው ወይ ብሎ ነው። የውጭ ችግኝ አፍይዎች ካታሎግም የሚያሻሽጠው በእነዚሁ ነው። እኔ ዛሬ የምከራከረው እነዚህ ሁሉ ተከታይ ጥያቄዎች ናቸው ብዬ ነው። የሚቀድማቸው ጥያቄ፣ ተክሉ የሚያፈራው በዘንድሮው ቀንበጥ ላይ ነው ወይስ በአምናው የሚለው ነው። የጥቁር እንጆሪ ሥር ለብዙ ዓመት ይኖራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ቀንበጥ ግን ዕድሜው የሁለት ዓመት ብቻ ነው። የአብዛኞቹ ዝርያዎች ቀንበጥ በመጀመሪያው ዓመት ይረዝማል፣ ቅጠል ያለብሳል፣ እዚያው ይቆማል። በሁለተኛው ዓመት ከጎኑ አጫጭር ቅርንጫፍ አውጥቶ ያብባል፣ ያፈራል፣ ከዚያም ደርቆ ይሞታል። በሁለቱ ዓመታት መካከል የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ክረምት አለ፤ በረዶ ያለበት፣ ቀኑ ያጠረበት፣ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛበት ክረምት። ያንን እንቅልፍ በሚገባ ካልተኛ በሁለተኛው ዓመት እምቡጡ አይነቃም፤ ቢነቃም አንዱ ዛሬ ሌላው ከወር በኋላ እየሆነ የተቆራረጠ አበባ ነው የሚሰጠው።

የእንቅልፉ ልክ በሰዓት ይቆጠራል። በተለመደው አቆጣጠር ከ0 እስከ 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ያለፈ ሰዓት ሁሉ ይደመራል። በአሜሪካ የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ናቫሆ የተባለው ዝርያ 800 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ የዚያው ቤት ልጅ የሆነው አራፓሆ ከ400 እስከ 500 ሰዓት ይበቃዋል፤ ፍሬው ትልቅ የሆነው ናቼዝ ደግሞ 300 አካባቢ። እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ። መርካቶ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ጎህ ሊቀድ ሲል ብርዱ አጥንት ይሰረስራል፤ ይህን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ነገር ግን ቴርሞሜትሩ ወደ 7 ዲግሪ የሚጠጋው ከንጋት በፊት ላሉት ጥቂት ሰዓታት ነው። ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይዋ ወጥታ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ያልፋል። የሥነ ዕጽዋት ሰዎች በሠሯቸው የተሻሻሉ የአቆጣጠር ዘዴዎች ደግሞ የሞቀ ቀን የተጠራቀመውን ቅዝቃዜ ይቀንሳል። ሌሊት ያስገባውን ቀን እያወጣ የሚያጠፋ ነጋዴ ሒሳቡ እንደማይሞላ ሁሉ፣ ተክሉም በእኛ ሰማይ ሥር ቅዝቃዜው አይሞላለትም። በዚያ ላይ ኮንክሪትና ቆርቆሮ የከበበው ግቢ ሌሊቱን ሙሉ የቀኑን ሙቀት ይተፋል፤ ከእንጦጦ ሥር ካለ ጓሮ ይልቅ የመርካቶ ግቢ ይሞቃል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ፖምም ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ታዲያ የጋሞዋ ጨንቻ እንዴት ፖም አብቃይ ሆነች? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ክርክሬን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። አንደኛ፣ ጨንቻ ከእኛ ከፍ ያለችና የምትቀዘቅዝ ናት። ሁለተኛና ዋናው፣ በአገራችን ደጋዎች ፖም እንዲስፋፋ ያደረጉት እንደ አና እና ዶርሴት ጎልደን ያሉ ጥቂት ቅዝቃዜ የሚበቃቸው ዝርያዎች ናቸው። አና ከእስራኤል፣ ዶርሴት ጎልደን ከባሃማስ ደሴቶች የተገኙ ናቸው፤ ሁለቱም ክረምቱ ቀለል ከሚልበት አገር። እንግዲያስ ጨንቻ የሚያስተምረን፣ የፈለጉትን ተክሎ መጸለይን ሳይሆን ለሰማዩ የሚሆን ዝርያ መምረጥን ነው።

ለጥቁር እንጆሪ እንዲህ ያለው መፍትሔ የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ የተገኘ፣ ኋላ ሂልክዊስት የሚል ስም የተሰጠው አንድ ተክል ነበር። ፍሬው ይህን ያህል የሚወራለት አልነበረም፤ ልዩ የሚያደርገው ቀንበጡ በወጣበት በዚያው ዓመት ማበቡ ብቻ ነው። የአርካንሳሱ አዳቃይ ጄምስ ሙር ይህን ተክል ብራዞስ ከተባለው የቴክሳስ ዝርያ ጋር አዳቀለው። ከእሱና ከተተኪው ከጆን ክላርክ የብዙ ዓመታት ሥራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 ፕራይም ጂም እና ፕራይም ጃን የተባሉት የመጀመሪያዎቹ በዘንድሮ ቀንበጥ የሚያፈሩ ዝርያዎች ወጡ። በ2009 ፕራይም አርክ 45 ተከተለ። እነዚህ ሦስቱም እሾህ አላቸው። በ2013 የወጣው ፕራይም አርክ ፍሪደም ግን የዘንድሮ ቀንበጥንና እሾህ አልባነትን በአንድ ላይ የያዘ የመጀመሪያው ሆነ፤ በዓመቱ ፕራይም አርክ ትራቭለር ተጨመረ። የፍሪደም ፍሬ ትልቅና ጣፋጭ ቢሆንም ከተለቀመ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ትራቭለር ፍሬው አነስ ቢልም ጠንካራና መንገድ የሚችል ነው። ለቤት ፍጆታ ፍሪደም፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ለሚልክ ትራቭለር ይሻላል። እነዚህ ዝርያዎች እንቅልፍ የግድ አይሉም። ቀንበጣቸው ከመሬት ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያብባል፣ ያፈራል፤ ከዚያ ከሥሩ ቢቆረጥ ሌላ ያወጣል።

እነዚህ ዝርያዎች በገዛ አገራቸው ያለባቸው ችግር ለእኛ ዕድል መሆኑ ደግሞ ያስገርማል። በአርካንሳስ አበባቸው የሚፈነዳው በበጋው ንዳድ ነው፤ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አበባው በቅጡ አይጸነስም፣ ፍሬው ይጎዳል። ቀዝቀዝ ባለው በኦሪገን የተሻለ ምርት የሰጡት በዚህ ምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ሙቀት በዓመቱ ሞቃት ወራት እንኳ ከ25 ዲግሪ ብዙ አያልፍም። ሌላው ትርፍ የጊዜ ምርጫ ነው። ቀንበጡን መቼ እንደምትቆርጡ ስለምትወስኑ፣ መቼ እንደሚያፈራም በእጃችሁ ነው። የደረሰ ጥቁር እንጆሪ ዋና ጠላቱ ዝናብ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ የበሰለ ፍሬ ከመለቀሙ በፊት ግራጫ ሻጋታ ይወርሰዋል። በነሐሴ መጨረሻ ቀንበጡ በሙሉ ከመሬት እኩል ቢቆረጥ፣ የክረምቱን እርጥበት የጠገበው ሥር በመስከረም አዲስ ያወጣል። በኅዳር አካባቢ ቁመቱ አንድ ሜትር ሲሞላ ጫፉን በጣት ቀንጠስ ማድረግ ነው፤ ያን ጊዜ ከጎኑ ቅርንጫፍ ያበዛል፣ አበባ የሚሸከምበት ጫፍም ይበዛል። ከበቀለ እስከሚበስል አምስት ወር ያህል ብንቆጥርለት፣ ፍሬው ከጥር ማብቂያ ጀምሮ በደረቁ ወራት ይደርሳል፤ የበልግ ዝናብ ሲጠናም ዋናው ለቀማ አልፏል። የጥርና የየካቲት ፀሐይ በዚህ ከፍታ ኃይለኛ ስለሆነ፣ ከቀትር በኋላ ሳሳ ያለ ጥላ ካልተደረገለት ከፍሬው ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ነጥተው ይቀራሉ። ነጣ ያለው ፍሬ መልኩ ይከፋል እንጂ ይበላል።

ሌላ የሚነሣ ተቃውሞ የሜክሲኮ ነው። ሜክሲኮ የሐሩር አገር ሆና ሳለ በሚቾአካን ግዛት፣ በተለይም በሎስ ሬየስ አካባቢ፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሆን ጥቁር እንጆሪ በገፍ ታመርታለች። ለረጅም ጊዜ የተጠቀመችበት ቱፒ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1988 ከብራዚል የወጣ፣ በአምና ቀንበጥ የሚያፈራ ነው። ከእሱ በፊትም በ1959 ከቴክሳስ የወጣው ብራዞስ እዚያው ተተክሎ ነበር። ታዲያ እነሱ ከቻሉ እኛስ? አዎ፣ ቻሉ፤ ግን እንዴት እንደቻሉ ማየት ነው። ተክሉን በመቁረጥ፣ ቅጠሉን በኬሚካል በማራገፍና በዕድገት ሆርሞን በመርጨት ያልመጣውን ክረምት እንደመጣ አስመስለው ያታልሉታል። ይህ ባለሙያና ርጭት ያለው የእርሻ ድርጅት ሥራ ነው። ልጆች በሚሯሯጡበት፣ ልብስ በሚሰጣበት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ግቢ ውስጥ ቅጠል አራጋፊ ኬሚካል መርጨት የማይታሰብ ነው። ቅጠሉን በእጅ መልቀም ይቻላል፤ በጨንቻም ለፖም ያደርጉታል። ብራዞስ ወይም ቱፒ ከእጃቸው የገባ ሰዎች ቢሞክሩት አልቃወምም፤ ሁለቱም እሾሃም መሆናቸውን ግን አይርሱ። እነ ናቫሆ፣ ቼስተር፣ ትሪፕል ክራውን ግን ለእኛ ስም ብቻ ናቸው።

ስለ እሾህ ካነሣን ትንሽ ልቆይበት፤ መርካቶ ላይ እሾህ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የጥቁር እንጆሪ እሾህ እንደ ግራር ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ኋላ የታጠፈ መንጠቆ ነው፤ ለመውጣት በታገሉ ቁጥር የበለጠ ይይዛል። አንድ ሜትር ተኩል በማይሞላ መተላለፊያ ተሸካሚ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ ጆንያውን ይሸረክታል፤ እናቶች ሲያልፉ ነጠላቸውን ይይዛል። በጋራ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለ ተክል ከጎረቤት ያጣላል። እሾህ አልባ ሲባልም ሁለት ዓይነት አለ። በአንዳንድ አሮጌ ዝርያዎች እሾህ አልባው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚወጣው ልጅ እንደገና እሾሃም ሆኖ ይመጣል። እነ ፍሪደምን በመሰሉት ግን እሾህ አልባነቱ በዘራቸው ውስጥ ያለ ስለሆነ ከሥርም ቢወጣ ያው ነው። ከፍሬ ዘር የበቀለ ችግኝ ግን የእናቱን ጠባይ ስለመያዙ ዋስትና የለውም፤ ችግኝ ከቀንበጥ ወይም ከሥር መራባቱን ጠይቆ መግዛት ነው።

የአገር ልጅ እያለ ለምን ከባሕር ማዶ እናመጣለን የሚለው ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደኝ ነው። በደጋዎቻችን የሚበቅለው እንጆሪ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሚታወቁት መካከል ሩቡስ አፔታሉስ የሚባለው አለ፤ ስሙ እንደሚናገረው አበባው ፔታል የለውም፣ ቢኖረውም እዚህ ግባ አይባልም። ሩቡስ ስቶይድነሪ የሚባለው ደግሞ አለ፤ የተሰየመው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ የዕጽዋት ተመራማሪ በሄርማን ስቶይድነር ነው። እነዚህ ክረምት የሚሉትን በረዶ ሳያዩ የኖሩ ናቸው፤ እንቅልፍ አይጠይቁም፣ በረዶም አይናፍቁም። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ያለ አዳቃይ እርዳታ ያልፋሉ። ጉድለታቸው ሌላ ቦታ ነው፤ ፍሬያቸው ትንሽና ዘሩ የበዛ፣ እሾሃቸው ክፉ፣ ቀንበጣቸው ረጅምና ጫፉ መሬት በነካበት ሥር የሚሰድ ነው። ጉለሌ ወይም ሽሮ ሜዳ ሰፋ ያለ ግቢ ላለው ሰው አጥርም ፍሬም ይሆኑታል፤ እኔም እመክራቸዋለሁ። ለበርሜል ግን አይሆኑም። በኮሎምቢያና በኢኳዶር ደጋዎች ሞራ ዴ ካስቲያ የሚባል የራሳቸው የተራራ እንጆሪ አለ፤ እንደ እኛው ባለ ከፍታ ዓመቱን ሙሉ ያፈራል። እነሱ ከዱር አውጥተው ለጓሮና ለገበያ አብቅተውታል፤ እሾህ የሌለው ዓይነትም መርጠው ያባዛሉ። እኛ የእንጦጦውን ገና ዞር ብለንም አላየነው። ሂልክዊስት የተባለው ያ ተራ ተክል ባይጠበቅ ኖሮ እነ ፍሪደም አይኖሩም ነበር፤ በእኛ ቁጥቋጦ ውስጥስ ምን እንዳለ ማን መረመረ?

ከውጭ ለማምጣት የሚቸኩሉትንም ማስጠንቀቅ ይገባኛል። እሾሃሙ የአውሮፓ ጥቁር እንጆሪ በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በቺሊ አገር ያስቸገረ አረም ሆኗል። ከእስያ የሄደው ሩቡስ ኒቬየስ ደግሞ የጋላፓጎስን ደሴቶች ወርሯል። ፍሬውን ወፍ ይበላል፣ ዘሩን ጫካ ውስጥ ይጥላል። እኛም ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ የወፍ ቆሎ ለአበባውና ለአጥር ተብሎ የገባ ተክል ነበር፤ ዛሬ የግጦሽ መሬት ይዞ ገበሬና አርብቶ አደር ያማርራል። ስለዚህ እየተሳበ የሚስፋፋ ባለ እሾህ ዝርያ ከእንጦጦ ጫካ አጠገብ ባይተከል እመርጣለሁ። ቀጥ ብሎ የሚቆምና በየዓመቱ ከሥሩ የሚቆረጥ ዝርያ በበርሜል ውስጥ ሲሆን አደጋው ያንሳል፤ ጨርሶ የለም ግን አልልም።

የመርካቶ ሰው አንድ የሚያስቀና ነገር አለው፤ የተክል ማስቀመጫ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ምናለሽ ተራ ያገለገለ የፕላስቲክ በርሜል አይታጣም። 200 ሊትር የሚይዘው ለሁለት ሲሰነጠቅ ሁለት ተክል ይይዛል። ሰማያዊው በርሜል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አፉን ከፍቶ ማሽተት፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ማንበብ፣ ሻጩን ምን ይዞ እንደነበር መጠየቅ ያስፈልጋል። የምግብ ዘይት ወይም የጭማቂ ግብዓት የያዘ ከሆነ ታጥቦ ያገለግላል፤ የአደገኛ ኬሚካል ምልክት ያለበት፣ ቀለም ወይም የቆዳ ፋብሪካ ዱቄት ግድግዳው ላይ የቀረበት ከሆነ በነፃም ቢሰጥ አይወሰድ። ታቹ ላይ ቀዳዳ ካልተበሳ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ጥቁር እንጆሪ ውሃ ይወዳል እንጂ ረግረግ አይወድም። በዚሁ ምክንያት ጥቁሩ መረሬ አፈር አይሆነውም፤ ቀይ አፈር ከበሰለ ኮምፖስት ጋር ይቀላቀልለት። ጋራዥና ብረታ ብረት ሥራ በበዛበት አካባቢ የግቢውን አፈር ከመጠቀም ከሌላ ቦታ የመጣ አፈር መግዛት ለጤናም ይበጃል። በበጋ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ የአትክልትና የእህል እጥበት ውሃ ይሆነዋል፣ የኦሞ ውሃ ግን አይሰጠው። ሲበስል ለመልቀም አትቸኩሉ። የጠቆረና የሚያብረቀርቅ ፍሬ ገና ኮምጣጣ ነው፤ ማብረቅረቁን ትቶ ደብዘዝ ሲል፣ በጣት ሲነኩትም ሳይጎትቱት እጅ ላይ ሲወድቅ ያን ጊዜ ደርሷል።

ችግኙ ከየት ይገኛል? ብዙዎቻችን ከዲሲ ወይም ከአትላንታ ለሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ጨምርልኝ ማለት ይቀናናል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጥቁር እንጆሪ በዓይን የማይታይ ቫይረስ ይሸከማል፤ ያ በሽታ ወደ አገር ቤቱ እንጆሪ ከተሻገረ የምናጠፋው ገና ያልመረመርነውን ሀብት ነው። ተክል ወደ አገር የሚገባው በፈቃድና ከላኪው አገር በተሰጠ የዕጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ነው፤ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። የሚሻለው መንገድ በቲሹ ካልቸር የተባዛ ንጹሕ ችግኝ በሕጋዊ መንገድ ጥቂት አስገብቶ እዚሁ ማባዛት ነው። ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለንም፤ ሆለታ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለን፣ ሙዝና ድንች በቲሹ ካልቸር የሚያባዙ ቤተ ሙከራዎች አሉ። በኅዳር 2015 የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና ወተትን ወደ ከተማ ግቢ ካስገባ፣ ከፍራፍሬም ለበርሜል የሚሆነውን ቢመርጥ ከዓላማው አይወጣም። የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማችን የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ጥያቄውን ወደ ምርምር ማዕከላቱ እንዲያደርሱልን አደራ እላለሁ፤ እሾህ አልባዎቹን ሁለት ፕራይም አርኮችና የእንጦጦውን እንጆሪ ጎን ለጎን ተክለው በሁለት ዓመት ውስጥ ውጤቱን ሊያሳዩን ይችላሉ።

እስከዚያው ድረስ ችግኝ ሻጭ ጋ ስትሄዱ ስለ ፍሬው መጠን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ በዘንድሮው ቀንበጥ ያፈራል ወይስ በአምናው ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን የማያውቅ ከሆነ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።